ለበጎ አድራጎት ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው፤ ሹራብ መሥራቴን ላቁም?

ጥያቄ፦ «ከዛሬ 12 ሳምንት በኋላ በሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር የበጎ አድራጎት ሩጫ ላይ ለመሳተፍ ተመዝግቤአለሁ። ልምምድ ከጀመርኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ሮጬ አላውቅም። ሹራብ መሥራት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው። ማታ ማታ 3 ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም እስከ እኩለ ሌሊት እሠራለሁ። ለሩጫው አዘጋጅ ድርጅት 30 የሕፃናት ኮፍያ ሠርቼ በዕለቱ ለማስረከብም ቃል ገብቻለሁ፤ አንዱ ኮፍያ 6 ሰዓት ገደማ ይወስድብኛል። አሁን የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ያመኝ ጀምሯል። ስሮጥ ትከሻዬ ይደርቃል። ከሩጫ መልስ ሹራቤን ይዤ ሶፋ ላይ ቆይቼ ስነሳ ደግሞ እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ቤተሰቦቼ ‹አንዱን ምረጪ› ይሉኛል። በስሜ ገንዘብ የለገሱትን ሰዎች አሳፍራለሁ ብዬም እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ሹራቡን አያቁሙ፤ ከሩጫውም አይቅሩ። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ የሯጭ ጉልበትም የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው አንጓም ስለማይ ጥያቄዎ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የጊዜ እጥረት አድርጎ ይወስደዋል። የጻፉትን ደጋግሜ ሳነበው ግን ጊዜ ያጠረዎት አልመሰለኝም። ሹራብዎና ሩጫዎ የሚጋጩት ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ አንደኛው እንቅልፍዎ ነው፣ ሁለተኛው ከማጅራትዎ እስከ ጣትዎ ያለው የሰውነትዎ ክፍል። ምክሬ ሁሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ለጀማሪ በሳምንት 3 ቀን ሩጫ ይበቃል። ሰውነት ማሟሟቁን፣ ልብስ መለወጡንና ገላ መታጠቡን ጨምሮ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ በሳምንት 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የእርስዎ የሹራብ ጊዜ በሳምንት 21 ሰዓት ነው። የሩጫው ቢቀነስለት እንኳ 16 ሰዓት ተኩል ይተርፋል። 30 ኮፍያ በ6 ሰዓት ሲባዛ 180 ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 15 ሰዓት ነው። ወረቀት ላይ ይበቃል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚይዘው አንድም ቀን ካልታመሙ፣ አንድም ኮፍያ ተሳስቶ ካልተፈታ፣ አንድም ምሽት ለሌላ ጉዳይ ካልተፈለጉ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ፣ ከወዲሁ ያመመ አውራ ጣት ለ12 ሳምንት ያለ እረፍት እንዲሠራ ይፈርዳል። በዚህ አልስማማም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የገቡትን ቃል ያሻሽሉ። ለድርጅቱ ዛሬውኑ ይጻፉላቸው፤ በሩጫው ዕለት 12 ኮፍያ እንደሚያስረክቡ፣ የቀሩትን 18 ደግሞ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እንደሚያደርሱ ይንገሯቸው። 12 ኮፍያ 72 ሰዓት ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለአውራ ጣትዎ ማገገሚያ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለሩጫው ዝግጅት ትተን በመካከል ባሉት 8 ሳምንታት ብናካፍለው በሳምንት 9 ሰዓት ይደርሳል። በአምስት ምሽት ሲከፋፈል ለአንዱ ምሽት ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በሳምንት ሁለት ምሽት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናሉ። ድርጅቱ ቅር ይለዋል ብለው አይስጉ። ሕፃናት የሚወለዱት በሩጫው ዕለት ብቻ አይደለምና ዘግይቶ የሚደርሰው ኮፍያም ባለቤት አያጣም።

አሁን ወደ አውራ ጣትዎ ልምጣ። ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በአንጓዎ ጎን፣ በአውራ ጣቱ ሥር በኩል፣ አውራ ጣትን የሚያነሱና የሚዘረጉ ሁለት ጅማቶች በአንድ ጠባብ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ። መርፌውን ቆንጥጠን ስንገፋና አንጓችንን ወደ ጎን ስናጣምም ጅማቶቹ በዚያ ሽፋን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። እንቅስቃሴው በየምሽቱ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ሽፋኑ ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል፣ ከዚያም ጣትን ማንቀሳቀስ ማመም ይጀምራል። ሕመሙ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1895 በገለጸው ስዊዘርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፍሪትዝ ደ ኬርቫን ስም ነው። ሹራብና ኪሮሽ በሚሠሩ፣ ሕፃን በሚያቅፉና ስልክ ላይ በአውራ ጣት ብዙ በሚጽፉ ሰዎች ላይ አየዋለሁ።

ቤትዎ ሆነው ሊፈትሹት ይችላሉ። አውራ ጣትዎን መዳፍዎ ውስጥ አጥፈው በአራቱ ጣቶች ይጨብጡትና አንጓዎን ቀስ ብለው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያዘንብሉ። ጤነኛ እጅም ትንሽ መወጠር ስለሚሰማው በግራ እጅዎም ሞክረው ያወዳድሩ። በቀኙ በኩል ስለት የመሰለ ሕመም ከተሰማዎ ጥርጣሬዬ ወደዚያው ያደላል። አንዴ ካዩት ይበቃል፤ በየቀኑ መፈተሽ ራሱ ጅማቱን ያስቆጣዋል። ከሕመሙ ይልቅ መደንዘዝ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት ከደነዘዙ፣ በተለይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ፣ በአንጓው መሃል የሚያልፈው ነርቭ እየተጨቆነ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ካለ ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ለረጅም ጊዜ የተጨቆነ ነርቭ የአውራ ጣትን ጡንቻ ያዳክማል፤ የተዳከመውን መመለስ ደግሞ ቀላል አይደለም።

እርስዎ የጻፉልኝ ሕመምን ብቻ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት የሚከተለውን ያድርጉ። ሹራቡን በቀን ከ20 ደቂቃ አያስበልጡ፤ እሱንም ለሁለት ይክፈሉት። በተቻለ መጠን አውራ ጣትንና አንጓን የሚደግፍ ማሠሪያ ሌሊት ያድርጉ። ከሚያመው እንቅስቃሴ ይራቁ፣ ጣቱን ግን ጨርሶ እንዳይንቀሳቀስ አያድርጉት፤ ሕመም በማይፈጥር መጠን ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱት። ሁለት ሳምንት ሞልቶ ለውጥ ካላዩ ባለሙያ እጅዎን አይቶ ይወስን፤ ለዚህ ሕመም ጥሩ ሕክምና አለና ችሎ መቀመጥ አያስፈልግም።

ወደ ሙሉ ሥራ ሲመለሱ የአሠራርዎን ነገር ደግመው ይዩት። ቀጫጭን መርፌ ጣትን አጥብቆ መቆንጠጥ ስለሚጠይቅ ለጊዜው ወፈር ባለ መርፌና በወፍራም ክር የሚሠራ ኮፍያ ይምረጡ። ኮፍያውም ቶሎ ያልቅልዎታል። የእንጨት ወይም የቀርከሃ መርፌ ከብረቱ ይቀላል። ሁለቱ ጫፎች በቀጭን ገመድ የተያያዙበትን ዓይነት መርፌ የሚጠቀሙ ከሆነ የሥራው ክብደት ጭንዎ ላይ ስለሚያርፍ አንጓዎ ይገላገላል። በረጃጅሞቹ ሁለት መርፌዎች ሲሠሩ ግን ሹራቡ እያደገ በሄደ ቁጥር ክብደቱን የሚሸከመው እጅ ነው። ክሩንም ላላ አድርገው ይያዙት። አጥብቆ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ቀለበት ለማለፍ መርፌውን በጉልበት መግፋት ስላለበት በአንድ ምሽት የሚያወጣው ጉልበት ላላ አድርጎ ከሚሠራው እጅግ ይበልጣል። ይህን ማረም ጊዜ ይፈልጋል፤ ለዓመታት የለመደ እጅ በአንድ ሳምንት አይለወጥም። ቢሆንም ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሲሮጡ ስልክዎን ወይም የውሃ ጠርሙስ በእጅዎ ይይዛሉ? ከሆነ ያቁሙ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስልክ ቆንጥጦ መሮጥ ለአውራ ጣትዎ ሌላ የሹራብ ምሽት ነው። ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ቦርሳ ይግዙ። እጅዎን አይጨብጡ፤ ጣቶችዎን ለስለስ አድርገው አጥፈው፣ አውራ ጣትዎን በጠቋሚው ላይ ሳይጫኑ ያሳርፉት።

የትከሻዎ ነገር የሚጀምረው ከሩጫው በፊት በነበረው ምሽት ነው። ሹራብ ስንሠራ ትከሻችን ሳናውቀው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጭንቅላታችን ወደ ፊት ይደፋል። ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው ጡንቻ በዚያ ሁኔታ ለሰዓታት ሳይፈታ ይቆያል። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ስላልሆነ ድካሙ ወዲያው አይታወቅም። በማግስቱ ሲሮጡ ግን ያ ያልተፈታ ጡንቻ ክንድዎን እንደልብ እንዳያወዛውዙ ይይዝዎታል፤ ክንድ ካልተወዛወዘ ወገብና እግር ተጨማሪ ሥራ ይወድቅባቸዋል፣ ትንፋሽም ደረት ላይ ቀርቶ አጭር ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች «ትንፋሽ ያጥረኛል» ሲሉኝ ትከሻቸውን የማየው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ሲሠሩ ጭንዎ ላይ ትራስ አድርገው ሥራውን ወደ ዓይንዎ ያቅርቡት፤ ክርንዎ በወንበሩ መደገፊያ ወይም በትራስ ላይ ይረፍ። መብራቱ ከጎንዎ ሆኖ ሥራው ላይ ይብራ፤ ማየት የተቸገረ ሰው ያለ ፈቃዱ ይጎብጣልና። ሲሮጡ ደግሞ በየ5 ደቂቃው ሁለቱንም ክንድ ወደ ታች ለቀው ያራግፉ፣ ትንፋሽዎን በረጅሙ ያውጡ፣ ከዚያ ክርንዎን አጥፈው ይቀጥሉ። በሳምንት ሁለት ቀን የጀርባ ማጠንከሪያ ይጨምሩ። የሚለጠጥ ገመድ በር ላይ አስረው ክርንዎን ወደ ኋላ እየጎተቱ ከትከሻ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ጠፍጣፋ አጥንቶች ማቀራረብ፣ 12 ጊዜ እየደጋገሙ ሁለት ዙር፤ ከዚያም ግድግዳ ተደግፎ መግፋት። ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። አውራ ጣትዎ ካመመዎ ገመዱን በመዳፍዎ ከመያዝ ይልቅ ክርንዎ ላይ ያጥልቁት።

ወደ እግርዎ ስንመጣ ነገሩ ቀለል ይላል። ከሩጫ በኋላ የሚመጣው የጡንቻ ቁርጥማት አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ላልለመደ ሰው ጤናማ ነገር ነው። የሚያባብሰው ከሩጫ እንደተመለሱ ጉልበትዎን አጥፈው ዝቅ ያለ ሶፋ ውስጥ መስመጥዎ ነው። ሮጠው ሲጨርሱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ይታጠቡ፣ የቤት ሥራ ካለ ቆመው ይሥሩ፤ ሹራቡን ከዚያ በኋላ ያንሱት። ከሶፋው ይልቅ እግርዎ መሬት የሚነካበት ቀጥ ያለ ወንበር ይሻላል። ማንቂያ ደወል በየ25 ደቂቃው ይሙሉና ስልኩን ተነሥተው ካልሄዱ በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። ሲጮህ ይነሡ፣ ክፍሉን አንድ ሁለት ጊዜ ይዙሩ፣ ወንበር ይዘው ተረከዝዎን እያነሡ በእግር ጣቶችዎ ላይ 15 ጊዜ ይቁሙ። ያ እንቅስቃሴ ለሯጭ ባትና ለተረከዝ ጅማት ከሚሰጡ ማጠንከሪያዎች አንዱ ነው። ለእጅ የታዘዘው እረፍት ለእግር ልምምድ ሆነ ማለት ነው፤ ሹራብና ሩጫን አብሬ ስመክር በጣም የምወደው ነጥብ ይህ ነው።

በተገላቢጦሹም ይጠንቀቁ። ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ሹራብ ሲሠሩ ቆይተው በቀጥታ ተነሥተው አይሩጡ። ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይቅደም። ከተቻለ ሩጫው ከሹራቡ በፊት ይሁን።

አንድ ዓይነት የእግር ሕመም ግን ቀላል አይደለም። በቅልጥም አጥንት ወይም በእግር መዳፍ ላይ በአንድ ጣት ጫፍ ሊጠቆም የሚችል፣ ሲጫኑት የሚያም፣ ሲሮጡ እየባሰ የሚሄድና በእረፍት ጊዜም የማይተው ሕመም ካለ ሩጫውን አቁመው ይመርመሩ። አጥንት ራሱ ሊሰነጠቅ ሲጀምር የሚሰጠው ምልክት እንዲህ ነው። ልብና ሳንባ ሩጫን በሳምንታት ውስጥ ይለማመዱታል፤ አጥንትና ጅማት ግን ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ጀማሪዎች በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት፣ ልክ «አሁንማ ቻልኩ» በሚሉበት ጊዜ የሚጎዱትም ለዚህ ነው።

ስለ ሩጫው አካሄድ፦ ሳይቋረጥ የመሮጥን ሐሳብ ለጊዜው ይተዉት። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይህን 10 ጊዜ ቢደጋግሙ 30 ደቂቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር አሜሪካን ወክሎ የሮጠው ጄፍ ጋሎዌይ ሩጫን ከእርምጃ ጋር እያፈራረቁ የመለማመድን ዘዴ በሰፊው አስተዋውቋል፤ እኔም ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በየሳምንቱ የሩጫውን ክፍል በጥቂቱ ያስረዝሙ፤ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ 4 ደቂቃ ሮጠው 1 ደቂቃ የሚራመዱበት ደረጃ ላይ መድረስ ይቻላል። በአሥረኛው ሳምንት ረጅሙ ቀንዎ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነ ለ10 ኪሎ ሜትሩ በቂ ነው። ፍጥነቱን የሚለካልዎ ንግግርዎ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካልቻሉ ፈጥነዋል።

«በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር» የሚለውን ሕግ ሰምተው ይሆናል። በኔዘርላንድስ ጀማሪ ሯጮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ይህን ፈትኖታል። ለአራት ማይል ሩጫ ሲዘጋጁ ከነበሩ 532 ሰዎች ግማሾቹ በ13 ሳምንት በዚህ ሕግ ቀስ እያሉ፣ ግማሾቹ በተለመደው የ8 ሳምንት ልምምድ ተዘጋጁ። በሁለቱም ቡድን ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ተጎዳ። ከዚህ የምወስደው፣ መቶኛ መቁጠር ብቻውን ከጉዳት እንደማያድን ነው። ሕመምን ማዳመጥ፣ በሩጫ ቀናት መካከል ማረፍና በቂ እንቅልፍ መተኛት ላይ ቢያተኩሩ እመርጣለሁ።

እንቅልፍን ካነሳን፣ «እስከ እኩለ ሌሊት» ያሉት ነገር ከሹራቡም ከሩጫውም በላይ እየጎዳዎት ይመስለኛል። ሮጦ የደከመ ጡንቻና ጅማት የሚጠገነው በእረፍት ጊዜ ነው፤ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ሹራብ የሚሠራ ሰው «ይህን ረድፍ ልጨርስና» እያለ ሌሊቱ እንደሚነጉድበት አውቃለሁ። ስለዚህ ማቆሚያውን በረድፍ አይወስኑት፤ በሰዓት ይወስኑት፣ ከመኝታዎ አንድ ሰዓት በፊት። የት እንደደረሱ በወረቀት ጽፈው ክሩ ላይ ያያይዙት፤ «እረሳዋለሁ» የሚለው ስጋት ይቀርልዎታል። ቁጥር የሚጠይቅና የተጎነጎነ ንድፍ ያለው ሥራ ለእረፍት ቀናት ይሁን። ረጅም በሮጡበት ቀን ማታ እጅ ብቻ የሚሠራው፣ ሐሳብ የማይጠይቅ ቀላል ረድፍ ይበቃል። የደከመ እጅ ክሩን አንዴ ያጠብቃል አንዴ ያላላል፤ በእረፍት ቀን የሠሩት ኮፍያና በረጅሙ ሩጫ ቀን የሠሩት ኮፍያ በአንድ ቁጥር ተጀምረው በስፋት ሲለያዩ ሊያዩ ይችላሉ።

ሹራቡን ጨርሰው እንዲተዉት የማልመክረው እንዲሁ እንዳያዝኑ ብዬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የሙያ ሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 3,545 ሹራብ ሠሪዎች የተሳተፉበት መጠይቅ ነበር። አዘውትረው የሚሠሩት ሰዎች መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ሰዎቹ ስለራሳቸው የተናገሩት ስለሆነ ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም። ሆኖም ከሩጫ በኋላ ሐሳብን ሰብሰብ የሚያደርግ፣ እጅን ከስልክ የሚያርቅ ነገር ያለው ሰው ልምምዱን ለመቀጠል ይበረታል፤ በሥራዬ የማየው ይህንን ነው።

ሁለቱን አብሮ ለመሥራት ያሰቡ እንደሆነ፣ ሱዚ ሂዌር የምትባል እንግሊዛዊት የለንደን ማራቶንን ሹራብ እየሠራች ሮጣ ለአልዛይመር ምርምር ገንዘብ አሰባስባለች። ሳስታውሳት ደስ ይለኛል። እርስዎ ግን እንዳይሞክሩት፤ ለጀማሪና ለታመመ አውራ ጣት የሚሆን አይደለም። ከእሷ መውሰድ የሚችሉት ሐሳቡን ነው። ለለጋሾችዎ የኪሎ ሜትሩንም የኮፍያውንም እድገት በየሳምንቱ በፎቶ ይላኩላቸው፤ ያለቀ ኮፍያ ሰው ያያል፣ የተሮጠ ኪሎ ሜትር ግን ካልነገሩት አይታይም። በእጅ የተሠራ ካልሲ ለብሰው ለመሮጥም አይቸኩሉ። የጣቱ መዝጊያ ስፌት ወፍራም ከሆነ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ እግርዎን ውሃ ሊያስቋጥረው ይችላል። ለላብ የሱፍ ክር ከጥጥ ይሻላል፤ ቢሆንም በአጭር ልምምድ ያልፈተኑትን ካልሲ በሩጫው ዕለት አያድርጉ።

ለጋሾቼን አሳፍራለሁ ያሉት ነገር ደግሞ ልቤን ነካው። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ቀኝ እግሩን በአጥንት ካንሰር ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ለመሮጥ ተነሣ። 143 ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ በሽታው ወደ ሳንባው ስለተዛመተ አቆመ፤ ካሰበው ዳርቻ አልደረሰም። በስሙ የተጀመረው ሩጫ ግን ከ1981 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። ያኔ የለገሱ ሰዎች መድረሻውን ስላልነካ ገንዘባችን ባከነ አላሉም። እርስዎም ግማሹን መንገድ ቢራመዱ፣ ወይም አውራ ጣትዎ አልሻል ብሎ ከ12 ኮፍያ 8 ብቻ ቢደርሱ፣ ገንዘቡ ለታሰበለት ሰው ይደርሳል። ሰዎቹ የሰጡት ለዓላማው ነው፤ እርስዎን ለማመን የሚያስፈልጋቸውን ያህል ደግሞ ገና መሮጥ ሲጀምሩ አይተዋል።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫውን ይቀንሱ። ቀናቱ ሦስት እንደሆኑ ይቆዩ፣ ርዝመታቸው ግን ወደ ግማሽ ይውረድ። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ፣ አዲስ ማጠንከሪያ በእነዚህ ሳምንታት አይጀመርም። ኮፍያዎቹ አልቀው ስለሚሆን ምሽት ላይ ለራስዎ የሚሆን ቀላል ሥራ ለግማሽ ሰዓት ያንሱ፤ ከሩጫው በፊት ባለው ምሽት የሚረብሽ ሐሳብ ካለ እጅዎ ሥራ ቢይዝ ይረዳዎታል። ከሩጫው በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት እግርዎ ይከብድዎታል፤ በየቀኑ 20 ደቂቃ በእርምጃ ይንቀሳቀሱ፣ አንድ ሳምንት ያህል አይሩጡ። አውራ ጣትዎ ደህና ከሆነ ከ18ቱ የመጀመሪያውን ኮፍያ በዚያ ሳምንት መጀመር ይችላሉ፤ ደወሉ ግን እንደበፊቱ በየ25 ደቂቃው ይጩኽ።